የኤክስና የኪው እቁብ

«ኮራጆች ናቸው።»

ይህን ቃል አንድ ኮት የለበሰ ሰው ማይክራፎን ይዞ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እየሰማ፣ በልጅ ልጄ ላይ ተናገረው። ብዙ ዓመት አልፏል። ልጅቷ አድጋለች፤ ሰውየው የት እንደደረሰ አላውቅም። ያ ቃል ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ደረቴ ይነድዳል። ሰዎች «ይቅር በይው፣ እርሺው» ይሉኛል። ይቅርታ ያልጠየቀኝን ሰው በምን ይቅር ልበለው? በሶዶ ገበያ ሰልባጅ እየሸጥኩ ልጅና የልጅ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ከቦንዳው የተቀደደ ልብስ ሲወጣ «ይህ ተቀድዷል፣ እያየህ ግዛ» ብዬ ነው የምሸጠው። ደህናውን ልብስ ተቀድዷል ብሎ ገበያ መሐል የሚጮህ ሰው ሲመጣ ዝም ማለት አልተማርኩም።

ስለ እንግሊዝኛ መጻፌ እኔንም ያስቀኛል። እንግሊዝኛ አላውቅም። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ለማንበብ በቃኝ። በኋላ መንግሥት ሲለወጥና ወላይትኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር፣ ከልጅ ልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ እሷ ስታጠና እኔም አብሬ ፊደሎቹን ለየሁ። ስለዚህ ፊደሎቹን አውቃለሁ፤ ተሰብስበው በእንግሊዝኛ የሚሉትን ነው የማላውቀው።

ልጅቷ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ አረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጅቷ የምትማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን በፈረቃ ነው። ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሳ ዘግይቶ የመጣ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አጥር ሥር ታልፋለች። እዚያ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መስኮቱ ከመንገድ ይታያል። ቆማ ታያለች። ዘበኛው «ሂጂ እንጂ አንቺ» ሲላት ትሄዳለች፤ በማግስቱ ተመልሳ ትቆማለች። ይህን ያወቅሁት ዘበኛው ራሱ ሸሚዝ ሊገዛ መጥቶ ሲነግረኝ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ይህ የግል ትምህርት ቤት በከተማው ያሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የስድስተኛ ክፍል ልጆች በእንግሊዝኛ ቃል ጨዋታ ሊያወዳድር ነው ተባለ። አንደኛ የወጣው ልጅ እዚያው ገብቶ እስከ ስምንተኛ ክፍል በነጻ ይማራል። ቦታው አንድ ብቻ ነው። የልጅ ልጄ ይህን የሰማች ቀን ምሳዋን ሳትበላ እየሮጠች ገበያ መጣች።

«አዬ! የመስኮቱ ቤት!» ነው ያለችኝ። አዬ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚጠሩኝ በዚህ ነው። የመስኮቱ ቤት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ይጽፋል። ልጆቹ ያ ፊደል ያለበትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ፊደሉ መጀመሪያ ይሁን መሐል ወይም መጨረሻ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጽፋሉ፤ የሰውና የአገር ስም ግን አይቆጠርም። በየቃሉ የሞላው ፊደል ነጥቡ ትንሽ ነው፤ ብርቅ የሆነው ፊደል ነጥቡ ብዙ ነው። ብርቅ የሚባሉት ኤክስ፣ ኪውና ዜድ ናቸው። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። በእኛ ጽሕፈት ኤክስ «ጠ» ነው፤ «ጦሳ» ብለን የእግዚአብሔርን ስም የምንጀምርበት ፊደል። ኪውም የእኛ «ቀ» ነው፤ እንደ ጓሮ ጎመን የትም ይበቅላል። እንግሊዞች ግን ሁለቱንም፣ ስስታም ሴት ቅቤዋን እንደምትሰቅል፣ ከፍ አድርገው ሰቅለዋቸዋል።

እንግዲህ እነዚህን የተሰቀሉ ቃላት ከየት ይምጡ? መዝገበ ቃላት የለን። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነው። ልጅቷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቦንዳ ላይ ተቀምጣ ያደገች ናት። ሰልባጅ ማለት ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ደረቱ ላይ ተጽፎበታል፣ ጀርባው ላይ ተጽፎበታል፣ አንገቱ ሥር በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚታጠብ ሳይቀር ተጽፎበታል።

ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት ነበር። ገበሬው አንድ ለአምስት፤ ጤና ኤክስቴንሽን አንድ ለአምስት፤ እኛ የገበያ ሴቶች እንኳ ተደራጁ ተብለን አንድ ለአምስት። ተማሪውም ጎበዙ ደካማውን ይጎትት፣ ማንም ለብቻው አይወቅ ተብሎ ተደለደለ። የልጅ ልጄ የቡድኗ መሪ ሆነች። ርዕሰ መምህሩ በየስብሰባው «ሞዴል ቡድናችን» እያለ ያስጨበጭብላቸው ነበር። እንግዳ ከዞን ሲመጣ ከፊት የሚሰለፉት እነሱ ናቸው። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ለውድድሩ ከየክፍሉ ልጅ ሲለቅሙ፣ የእኛው ርዕሰ መምህር ሞዴል ቡድኑን እንዳለ፣ ስድስቱንም መዘገበ። እኔ ጋ መጥቶም «እማማ፣ የእርስዎ ጠረጴዛ ሥር ያጥኑ፤ እርስዎ ይጠብቁልኛል» አለኝ። «ሁሉንም ተካፍለው እንዲያጠኑ ይሁን» አለ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ተካፈሉ ከተባለ እንዴት እንደሚካፈሉ አውቃለሁ። በእኛ አገር ለጊፋታ በዓል ሴቶች የቅቤ እቁብ እንጥላለን። እያንዳንዷ ከቤቷ ላም ያገኘችውን ቅቤ ታመጣለች፤ አንድ ላይ ይሆንና በተራ ይወሰዳል። ላሟ የነጠፈችም ሴት በበዓል ቀን ቅቤ አታጣም። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ ቅቤውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ታያለች። ውሃ ያለበት ቅቤ ያመጣች ሴት ወዮላት፤ እስከሚቀጥለው ጊፋታ ስትታማ ትኖራለች። ስለዚህ ልጆቹን የቃል እቁብ አስጀመርኳቸው። ዳኛዋ እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ልጅ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ጮክ ብሎ ይጠራዋል፣ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ትርጉሙን ይናገራል። ሌሎቹ እስኪሸመድዱት ይደግሙታል። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ልብስ ያጥፋል።

«ያለችው ቦታ አንድ ናት» አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን። «ስድስታችሁም ታውቃላችሁ። ቃሉን እኩል ይዛችሁ ትገባላችሁ፤ ከዚያ እጁ የፈጠነ ይውሰዳት። በወሰዳት ልጅ የሚቀና ካለ አሁኑኑ ይሂድ።»

ማንም አልሄደም።

ገበያዬን እንዴት እንዳመሱት! አንድ የሻንቶ ገበሬ ሸሚዝ ለክቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ሊሄድ ሲል ከኋላው ሁለት ልጆች ኮሌታውን ይዘው አስቀሩት።

«አባባ፣ ትንሽ ጎንበስ ይበሉልን!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኪው አለብዎት!»

ሰውየው ደንግጦ አንገቱን ዳበሰ። «ምንድነው እሱ? ይነክሳል?»

ትንሿ ጨርቅ ላይ ኩዊክ ድራይ ይላል፤ ቶሎ ይደርቃል ማለት ነው። ልጆቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። ገበሬው ሳቀና «እንግዲህ እኔ ልብስ ልግዛ ወይስ ትምህርት ቤት ልክፈት?» ብሎ ሄደ። ሌላ ቀን አንዱ ልጅ ቴክሳስ የሚል ካናቴራ እያውለበለበ መጣ። «ኤክስ! ኤክስ አለበት!» ሌሎቹ በአንድ ድምፅ «የአገር ስም ነው፤ ውሃ ገብቶበታል!» ብለው አባረሩት። ልብስ አጠፈ።

ከስድስቱ አንዷ የጎረቤቴ የባለሱቁ ልጅ ነበረች። አባቷ ከስልጤ የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ነው፤ ሳሙና፣ ዘይትና ሩዝ በጅምላ ያከፋፍላል። ልጅቷ ዓይነ አፋር ናት። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ባዶ እጇን ትመጣና ሳትጠየቅ ልብስ ማጠፍ ትጀምር ነበር። አንድ ቀን ግን የአባቷን መጋዘን ካርቶን በካርቶን፣ ጆንያ በጆንያ ስታነብ ውላ፣ ሻሿ አቧራ ለብሶ መጣች።

«ኤክስፖርት» አለች፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም፤ ዳኛ ናት የምትጠይቅሽ!»

«ኤክስፖርት! ወደ ውጭ አገር መላክ! ኤክስ ሁለተኛው ነው!»

ከዚያ ቀን በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። ግማሹ የእቁቡ ኤክስ ከአባቷ መጋዘን የወጣ ነው። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

የልጅ ልጄም ፈተና ገጥሟታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሴት ቀሚስ ላይ የአንገቱን ጨርቅ ነቅላ ጫማዋ ውስጥ ስትደብቅ ያዝኳት። ኤክስኩዚት ይላል። በጣም ያማረ ማለት ነው አለችኝ። ኤክስም ኪውም በአንድ ቃል ውስጥ!

«አዬ፣ ይህችን አንዷን ብቻ ለእኔ ተይልኝ።»

«በእቁብ ውስጥ ለእኔ ብቻ የሚባል ቅቤ አለ?»

«እነሱ አያውቁም እኮ።»

«እኔና አንቺ ግን እናውቃለን።»

እያለቀሰች ከጫማዋ አወጣቻት። በማግስቱ ጮክ ብላ ጠራቻት፤ ሁሉም ደገሙ። ይህን በማድረጌ ዛሬም ልቤ ጸጥ ያለ ነው። ደግሞም ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት። የእሷ ብዕር ሲሄድ የሌሎቹ ገና እንደቆመ ነው። እኩል ይዘው ቢገቡም ቦታዋን እንደምታገኝ እኔም አውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር፣ አምስቱም ያውቁ ነበር።

የውድድሩ ቀን ስድስቱንም አጣጥቤና አልብሼ ወሰድኳቸው፤ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹን ለያይተው አስቀመጧቸው፤ አንዱ በሩ አጠገብ፣ አንዷ መስኮቱ አጠገብ፣ የልጅ ልጄ ከፊት። ዳኛው፣ የግል ትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ማይክራፎኑን ነፋ ነፋ አደረገና ሕጉን አነበበ። ሕግ ሕግ ነው ብዬ በዝምታ አዳመጥኩ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦

«አንድ ዓይነት ቃል ሁለትና ከዚያ በላይ ተወዳዳሪዎች ከጻፉት ከሁሉም ይሰረዛል። ዓላማው እያንዳንዱ ልጅ ሌላው ያላሰበውን እንዲያስብ ነው።»

ወዲያው አልገባኝም። የልጅ ልጄ ግን ዞራ አየችኝ። ከዚያ አምስቱ ልጆች ከየተቀመጡበት እርስ በርስ ተያዩ። ባለሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ልጆቻችን አለቁ» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንዲህ ያለ ሕግ እንዳለ ማን ነገረን? የጥሪው ወረቀት ላይ የለም። መምህራቸው አልሰማም። እዚያው ልጆቹ እስክሪብቶ ከያዙ በኋላ ነው የተነበበው። እኔ በሕይወቴ ሰው ያገኘውን ነገር ሌላም ሰው ስላገኘው የሚቀማበት ጨዋታ አይቼ አላውቅም። የጎረቤቴ ላም ስትታለብ የእኔዋ ትነጥፋለች እንዴ?

ኤክስ፣ ቀጥሎም ኪው ሰሌዳው ላይ ተጻፉ፤ ሰዓቱ ተጀመረ። የልጅ ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልታመልጥ ሞክራለች። ቀላል ቀላሉን ለጓደኞቼ ልተውላቸውና አስቸጋሪውን ልጻፍ ብላ አሰበች። አምስቱም ልክ እንደዚያው አሰቡ። ለጓደኛ ብለው ቀላሉን ተዉ፤ ስድስቱም አስቸጋሪውን ጻፉ። አብሮ ያደገ ሐሳብ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው።

ወረቀቱ ተሰበሰበ። አንዲት መምህርት የእያንዳንዱን ቃል እያነበበች፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ የተደገመውን በቀይ ይሰርዛል። ሪላክስ፤ ተሰረዘ። ኩዊክ፤ ተሰረዘ። ኤክስፖርት፤ ተሰረዘ። ኤክስኩዚት ሲነበብ አዳራሹ ውስጥ ያሉት መምህራን «ኦ!» አሉ፤ ስድስት ልጅ ጽፎታል፤ ከስድስቱም ተሰረዘ። የእኛ ልጆች የሰበሰቡት ቃል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የቀረው ግን ቀይ መስመር ነው።

ዳኛው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማይክራፎኑን አነሳ። «ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም» አለ። «ኮራጆች ናቸው።»

አዳራሹ ሳቀ። ርዕሰ መምህራችን ከፊት ተቀምጧል። ቆጮ አፉን እንደሞላው ሰው ዝም አለ።

ተነሳሁ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ኮራጅ የለም።»

«እማማ፣ ይቀመጡ። የወላጆች አስተያየት በመጨረሻ ነው።»

«በመጨረሻማ ልጆቹ ተሰድበው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው። አሁን ነው የምናገረው። እናንተው ናችሁ አራርቃችሁ ያስቀመጣችኋቸው። አንዱ በር ጋ፣ አንዷ መስኮት ጋ። አንገታቸው የቀጭኔ ነው?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በዳኛው ላይ ነው።

«ታዲያ እንዴት አንድ ዓይነት ቃል ጻፉ?» አለኝ።

«አብረው ስለተማሩ! ተካፈሉ ስለተባሉ! ተካፈሉ ያላቸው ሰው እዚያ ከፊት ቁጭ ብሏል፤ እሱ ይጠየቅ።»

ሁሉም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። ተነሳ፤ ከረቫቱን ነካ ነካ አደረገ። «እንግዲህ አደረጃጀቱ የመማር ማስተማሩን ሂደት ለማገዝ የተዘረጋ እንጂ፣ ውድድርን በተመለከተ...» አለና ቆመ። «ያው ሕጉ መከበር አለበት።»

«ባለፈው ጊዜ እንግዶች ሲመጡ ሞዴል ቡድናችን ብለህ ያሰለፍካቸው እነማን ናቸው? አንተ ልጄ፣ ለጭብጨባ የአንተ፣ ለስድብ የእኔ ናቸው?»

ተቀመጠ። ፊቱ ግን ቀልቷል። የሰውነት ምልክት አለ ብዬ ለጊዜው ተስፋ አደረግኩ።

ዳኛው ከሌሎቹ ጋር ተንሾካሾከ። ከልቡ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ግን ነገሩን ቶሎ ጨርሶ ወደ ምሳ መሄድ የፈለገ ሰው ነበር። «እሺ» አለ። «ከስድስቱ መካከል በራሱ የሠራ አንድ ልጅ ይኖር ይሆናል። ሌሎቹ ከእሱ መገልበጣቸውን ካመኑ፣ የእነሱን ወረቀት ጥለን የእሱን እንቆጥርለታለን።»

ርዕሰ መምህሩ ሮጦ እኔ ጋ መጣ። በወላይትኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገረኝ። «አዬ፣ የቡድኑ መሪ የአንቺ ልጅ ናት። ሌሎቹ ከእሷ ገለበጥን ይበሉ። ወረቀቷ ብቻውን ከተቆጠረ አንደኛ እሷ ናት፤ አይቼዋለሁ። ቦታው የእናንተ ነው። እነሱ ምን ይጎድልባቸዋል? ነገ ይረሳል።»

ሰምታችሁኛል? ያ ቦታ እጄ ላይ ነበር። መስኮቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ልጄ አረብ አገር ሆና ስትደውል «ልጄ እንዴት ናት?» የምትለኝ ነገር ሁሉ። የልጅ ልጄ ከፊት ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች። ልመናው ዓይኗ ላይ አለ። ዋሽታ ሳይሆን ዝም ብላ ብቻ ታገኘው ነበር።

እኔ አፌን ሳልከፍት የባለሱቁ ልጅ ተነሳች። ያቺ ዓይነ አፋር።

«እኔ ኮርጄያለሁ» አለች። «ከእሷ ነው ያየሁት።»

አባቷ አጠገቤ ደንግጦ ደረቀ። በሩ አጠገብ ያለው ልጅም ሊነሳ ዴስኩን ገፋ።

«ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ማይክራፎን አላስፈለገውም። «ውሸት ነው! ኤክስፖርትን ያመጣሽው አንቺ ነሽ! ከአባትሽ ጆንያ ላይ አንብበሽ ያመጣሽ አንቺ! የእኔዋ ናት ከአንቺ የተማረችው! ማንም ከማንም አልሰረቀም፤ ሁሉም አዋጥቷል፣ ሁሉም ወስዷል!»

ልጅቷ ቆማ እንዳለች አለቀሰች። ዳኛው እጁን አነሳ። «እንግዲህ እማማ ራሳቸው ፈረዱ» አለ። ስድስቱም ወረቀት ተጣጥፎ ወደ ጎን ሆነ።

ቦታውን ከከተማው ዳር ካለ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ልጅ ወሰደው። አባቱ ገበሬ ነው፤ ደስታው እግሩን አላስቆመውም። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ከእሱ ጋር ምንም የለኝም። ልጁ ያገኘውን አግኝቷል።

ከአዳራሹ ስንወጣ ባለሱቁ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «ልጄ ራሷን ሌባ ብላ ስታስመዘግብ ዝም ብዬ ላይ ነበር። አንደበቴ ተያዘ» አለ። ባጃጅ ይዞ ሊያደርሰን ፈለገ። የልጅ ልጄ አልሳፈርም ብላ በእግሯ ቀደመች። ተከተልኳት። የዳሞታ ተራራ ደመና ለብሶ ነበር፤ ሊዘንብ ነው። እሷ ግን አትቸኩልም።

«ራሷ ፈቅዳ ነው እኮ የተናገረችው» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«ሐሰት ነበር።»

«ማንን ይጎዳ ነበር?»

«እሷን።»

«እሷ ሱቅ ያለው አባት አላት። እኔ ምን አለኝ?»

መልስ ነበረኝ። ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስም፣ ከሽማግሌ ሸንጎም። አንዱም ግን ለእሷ የሚሆን አልነበረም። ዝናቡ መጣ፤ ሁለታችንም ጥላ አልነበረንም።

በከተማው ወሬው ዞረ። አንዳንዱ «ሞዴሎቹ ተያዙ» ብሎ ይስቃል። ሌላው ደግሞ እኔ ጋ መጥቶ ሹራብ እያገላበጠ «አንቺ ሴትዮ፣ የልጅሽን ዕድል በአፍሽ ዘጋሽው አሉ» ይለኛል። የልጅን ዕድል የምትዘጋው አያት አይደለችም! ተካፈሉ ብሎ አዝዞ፣ መካፈልን በሚቀጣ ጨዋታ ውስጥ የከተተ፣ ከዚያም ዓይኑን የመለሰ ሰው ነው የሚዘጋው። ዛሬም ያቺ ልጅ ብትነሳ፣ ተቀመጪ እላታለሁ። የልጅ ልጄን መንገድ በሌላ ሰው ልጅ ፊት ላይ አላነጥፍም።

ልጆቹ ግን አንገታቸውን ደፉ። ክፍል ውስጥ አንዱ ሲመልስ «ከማን ኮረጅክ?» ይሉታል። የባለሱቁ ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ መጋዘን ውስጥ ተደበቀች። ይህን ስሰማ ቦንዳዬን አሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

«ምን ፈለጉ እማማ?» አለኝ ርዕሰ መምህሩ።

«በሰልፍ ላይ ቆመህ እነዚህ ልጆች አልኮረጁም በል።»

«ነገሩ እኮ ከእኛ ቁጥጥር ውጭ...»

«እጠብቃለሁ።»

ቢሮው በር ላይ አንሶላ አንጥፌ ልብሴን ዘረገፍኩ። በየማለዳው እየመጣሁ እዚያው እሸጥ ጀመር። መምህራኑ በእረፍት ሰዓት እየመጡ ሱሪ ይለኩ ነበር። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ሁሉ «ይህ ምንድነው?» ሲል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግረዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሊያስነሳኝ ሲመጣ «ልጄ፣ የአንተ ቁጥር እንኳ እዚህ አለ» ብዬ ጃኬት አስለካሁት። የወረዳ ሰዎች ለጉብኝት የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ፣ በጡት መያዣና በካልሲ መካከል እግሩን እየመረጠ ተራምዶ፣ «ነገ ጠዋት» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በማግስቱ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። እኔ ከሰልፉ ጎን ቆሜያለሁ።

«በቅርቡ በተካሄደው ውድድር በተፈጠረው አለመግባባት...»

«አለመግባባት አልተፈጠረም!» አልኩ። «አልኮረጁም በል!»

ልጆች ሳቁ። እሱ ተነፈሰ። «እነዚህ ስድስት ተማሪዎች አልኮረጁም። እንዲካፈሉ ያዘዝነው እኛ ነን።»

«በወላይትኛም!»

በወላይትኛም ደገመው። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ወላጆችም ሰሙ። ባለሱቁ ልጁን እጇን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለቀቃት፤ እየሮጠች ሰልፏ ውስጥ ገባች። ጓደኞቿ ቦታ ለቀቁላት።

ሰልፉ ሲበተን የልጅ ልጄ ወደ እኔ መጣች። ከውድድሩ ቀን ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«እምቢ» በቀር አላናገረችኝም ነበር።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ።

«አላለኝም።»

«ቦታውን ሰጡኝ?»

«አልሰጡሽም።»

«ታዲያ ምን አገኘን?»

«ስማችሁን።»

«ስም ይበቃል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃል ይላት ነበር። ትምህርት የትም ትምህርት ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለበጎ ነው ይላት ነበር። እኔ ሕፃን አልዋሽም። «አይበቃም» አልኳት። «ቦታው የአንቺ ነበር። ወስደውብሻል።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም። እጄን ልዘረጋ ስል ጀርባዋን ሰጠችኝና ወደ ክፍሏ ሄደች። የቆርቆሮውን በር በኃይል ወርውራ ስትዘጋው ግቢው በሙሉ ጮኸ። አንድ መምህር ደንግጦ ሊቆጣት ከኋላዋ ተነሳ።

«ተዋት!» አልኩት። «መብቷ ነው።»